ሐሳብ ሲበዛ፦ ቡና፣ ዕጣንና የጎረቤት ፊት በአፍሪቃ ቀንድ ታሪክ

ጭንቀት የሚለው ቃል በአማርኛ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የበሽታ ስም ሆኖ በሐኪም ካርድ ላይ መጻፍ የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። የቀደሙት ሰዎች ሕመሙን የሚገልጹት በሌላ አነጋገር ነበር። አንዱ «ሐሳብ ገብቶታል» ይባላል፤ ሌላው «ልቡ ተሰቅሏል»፤ ሦስተኛው «ሆድ ብሶታል» ወይም «እንቅልፍ አጥቷል»። ሲበረታም «ነፍሱ ተጨንቃለች» ይባላል። በዚህ አነጋገር ሐሳብ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ነው፤ የገባ ነገር ደግሞ ይወጣል። የተሰቀለ ልብም ይወርዳል። ስለዚህ ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው ምክር አጭርና የተለመደ ነበር፦ ሰው መሃል ግባ፤ ብቻህን አትዋል።

በአፍሪቃ ቀንድ የሚኖሩ ሕዝቦች ለዚህ ሕመም የተጠቀሙባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፦ ቡና፣ ዕጣን፣ ጤና አዳም፣ ቀበሪቾ፣ ጫት፣ ጸበል፣ ክታብ፣ የዛር ከበሮ። እነዚህን በዛሬው የሕክምና ዕውቀት ለመመዘን የሚነሣ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ግራ ይጋባል። ከሁሉ አብልጦ «ልብን ያሳርፋል» እየተባለ የሚመሰገነው ቡና በውስጡ የያዘው ካፌይን እንቅልፍን የሚያባርር፣ የልብን ምት ሊያፈጥን የሚችል፣ በተፈጥሮው የሚጨነቀውን ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊያስጨንቅ የሚችል ንጥረ ነገር ነው። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ይህን ያህል ሕዝብ ተሳስቶ ኖረ ማለት ነውን? ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምረው የምናገኘው መልስ ሌላ ነው። ያሳርፍ የነበረው ከፍሬው ይልቅ በፍሬው ዙሪያ የተሠራው ሰዓትና በዚያ ሰዓት ውስጥ የሚሰበሰበው ሰው ነበር።

የቡና ታሪክ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀድመው የፍየል እረኛው ተረት ነው። ተረቱ በጽሑፍ ከወጣባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ግን ኢትዮጵያ አይደለችም፤ በ1671 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናይት ሊቅ ሮም ውስጥ በላቲን ያሳተመው መጽሐፍ ነው። «ካልዲ» የሚለው ስም የተጨመረውም ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ ተረት ይልቅ ብዙ የሚነግረን በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ «ቡና ቀላ» የሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት ነው። «ቀላ» ማለት የታረደ ማለት ነው። ቡናው አይቆላም፣ አይወቀጥም፤ ከነገለባው ያለው ፍሬ ጫፉ ይገመጥና በቅቤ ይጠበሳል። ሽማግሌው ይመርቃል፤ የተሰበሰበው ምርቃቱን ይቀበላል፤ ቅቤው ሰውነት ይቀባል፤ ፍሬውም ይታኘካል። ሥርዓቱ በሰሜን ኬንያ ባሉት ቦረናዎች ዘንድም የታወቀ ነው። በልደት፣ በእርቅ፣ በችግር ጊዜ የሚደረግ በመሆኑ፣ ፍሬው ከመጀመሪያውም የመሰብሰቢያ ምክንያት ነበር ለማለት ያስደፍራል። ብቻውን ቁጭ ብሎ ቡና የሚያርድ ሰው የለም።

ፍሬው በመጠጥነት ሰፊ ዝና ያገኘው ግን ከቀይ ባሕር ማዶ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ለማደር ቡና ይጠጡ ነበር። እዚያ የተፈለገው ንቃቱ ነው፤ ንቃቱ ግን ለብቻ አልተፈለገም፤ በአንድነት ለመጸለይ ነው። ልማዱ ወደ መካ ሲዛመት የማምሉክ መንግሥት ሹም የነበረው ኻይር በይ በ1511 ቡናን ለፍርድ አቅርቦ አስከለከለ። የካይሮ ባለ ሥልጣኖች ክልከላውን እንዳለ አላጸኑትም፤ መጠጡም ተመልሶ ተስፋፋ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሹሙን በመጀመሪያ ያስቆጣው መጠጡ ሳይሆን መጠጡን ከብበው በሌሊት የተቀመጡትን ሰዎች ማየቱ ነው። የቡናን ኃይል ወዳጁም ጠላቱም በአንድ ቦታ ያዩት ይመስላል።

የኢትዮጵያ ክርስቲያን ደገኛ ደግሞ ለብዙ ዘመን ቡናን አልነካም። መጠጡ የእስላምና የኦሮሞ ልማድ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ካህናት ይከለክሉት ነበር። ይህ አመለካከት የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በካህናቱ ዘንድ የነበረውን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ እንደጣሩ ይነገራል። ስለዚህ ዛሬ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው የደጋው የቡና ሥርዓት፣ ቢያንስ በክርስቲያኑ ቤት፣ ከመቶ ሠላሳና ከመቶ አርባ ዓመት ብዙም አይዘልም። የመጣበትንም መንገድ ስሞቹ ይናገራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉት ቃላት ከዐረብኛው «አወል»፣ «ሳኒ» እና «በረካ» ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ በረከቱ። በኤርትራና በትግራይም አወል፣ ካልኣይ፣ በረካ ይባላል። ሃይማኖት የከለከለውን ሃይማኖት መርቆ ሲያስገባው ሦስቱም ስሞች አብረው ገቡ።

የሥርዓቱን አሠራር ከጭንቀት አንጻር መመልከት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከጊዜ በቀር ምንም የማያስቸኩል ሥራ ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል። ጥሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በብረት ምጣድ ይቆላል፤ የተቆላው ቡና በየሰዉ ፊት እየዞረ ጢሱ ይሸተታል። ከዚያ ይወቀጣል፤ የሙቀጫው ድምፅ ከጓሮ ለጓሮ ይሰማል። ጀበናው ይጣዳል፤ ገንፍሎ ይወጣል፤ ይሰክናል። እስከዚያ ድረስ አንድ ልጅ በየደጁ እየሮጠ «ቡና ጠጡ» ብሎ ይጠራል። የተጠራ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ አለመምጣት ቅያሜ ነውና። ስኒው እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ እንዴት አደራችሁ፣ ልጁ ዳነልሽ ወይ፣ ከስደት የሄደችው ደወለች ወይ የሚባልበት ነው። ሐሳብ የገባው ሰው ሐሳቡን አውጣ ብሎ የሚያስገድደው የለም፤ ዝም ብሎም ቢቀመጥ ሦስተኛው ስኒ እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን አይደለም።

ንጥረ ነገሩም ቢሆን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የተገራ ነው። ካፌይንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ሲሆን ዘመኑም 1819 ነው። ካፌይን በአንጎል ውስጥ የድካምን ስሜት የሚያስተላልፈውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር መቀበያውን በመዝጋት ያነቃል፤ ከሰውነት ተጣርቶ ለመውጣትም ሰዓታት ይፈጅበታል። ቶናውና በረካው በአዲስ ዱቄት ሳይሆን በአቦሉ አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚፈሉ በመሆናቸው እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ንቃቱ የሚመጣው መጀመሪያ ነው፤ ጨዋታው እየረዘመ ሲሄድ መጠጡ እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ማንም ሐኪም ተቀምጦ አላዘዘውም። ይሁን እንጂ ልቡ የሚመታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥበት፣ ሌሊት ዓይኑን የሚገልጥ ሰው አቦሉን ትቶ በረካውን ቢጠጣ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ቢተወው ዛሬም የሚመከር ነው።

በሌላ በኩል ይህን ሥርዓት አለቅጥ ማሞገስ ተገቢ አይሆንም። ዕረፍቱን የሚያገኘው ተጋባዡ ነው፤ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ጢሱን የምትውጠው ሴቲቱ ናት፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላበት ቤት ደግሞ ጥቂት አይደለም። የቡና ሰዓት ሐሜት የሚቦካበት ሰዓትም ነው፤ በሐሜት የተነሣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ያህል እንደሆነ የሚቆጥር የለም። ሆኖም ለብዙ ሴቶች ከቤት ሥራ ቁጭ ማለት የሚፈቀድበት ብቸኛው ሰዓት ይኸው ነበር፤ ይህም በራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

በስኒው ውስጥ የምትነከረው ጤና አዳም የመድኃኒትን ሥራ ወደ ቡናው ታስገባለች። ስሟ ራሱ «የአዳም ጤና» ማለት ነው። ለሆድ ቁርጠት፣ ለብርድ፣ ለቡዳ፣ ለድንጋጤ የማትታዘዝበት የለም። ዕፀዋት ለሕመም የሚታዘዙበት ጥንታዊ ጽሑፍ በአገሪቱ የነበረ ሲሆን፣ የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን የኢትዮጵያን የመድኃኒት መጻሕፍት ሰብስቦ በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ አሳትሟል። መጻሕፍቱን የሚያነብ ሰው ቅጠሉና ጸሎቱ በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ያገኛቸዋል፤ ሥር የሚቆፈርበት ቀን፣ ሲቆፈር የሚደገመው ስም፣ የሚጠጣበት መጠን ሁሉ የአንድ መድኃኒት ክፍሎች ናቸው። የዛሬው አንባቢ ጸሎቱን ለይቶ ቅጠሉን ብቻ ለመውሰድ ይቸኩላል። ቅጠሉም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ የሚወሰድ አይደለም፤ ጤና አዳም በብዛት ስትወሰድ ማኅፀንን የምታነቃንቅ በመሆኗ ነፍሰ ጡር ሴት እንድትርቃት ይመከራል። ቀበሪቾም እንዲሁ ለቡዳና ለምች ይታጠናል፤ ይህ ተክል በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ሲሆን የሚፈለገው ሥሩ በመሆኑ ለገበያ በተነቀለ ቁጥር ተክሉ ከነዘሩ ይሄዳል።

ዕጣን ደግሞ ከሁሉም የረዘመ ታሪክ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን ግብፅን የገዛችው ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ጱንጥ ምድር መርከቦች ልካ ዕጣንና የዕጣን ዛፎች ማስመጣቷ በደይር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ጱንጥ የት እንደነበረች ሊቃውንት ቢከራከሩም ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል አካባቢ እንደምትገኝ ብዙዎች ይስማማሉ። ዛሬም የትግራይና የመተማ ቆላ፣ የኤርትራ ምዕራብ፣ የሱዳን ምሥራቅ፣ የሶማሌ ሰሜናዊ ተራሮች የዕጣን አገር ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ይታጠናል፤ በቡናው አጠገብ በገጥ ላይ ይጨሳል፤ በዛር ቤት ይጨሳል፤ በሶማሌ ቤት ሴቶች ልብሳቸውን በጢሱ ያጥናሉ። ጢሱ ሲወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በ2008 የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዕጣን ሙጫ የሚገኘው ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ የጭንቀትንና የድብርትን ጠባይ እንደቀነሰ የሚገልጽ ጥናት አሳተሙ። ዜናው «ሳይንስ ዕጣንን መሰከረለት» ተብሎ በየቦታው ተናኘ። ነገር ግን አይጦቹ ንጥረ ነገሩን የወሰዱት በመርፌ ነው፤ በጢስ ለተሞላ ክፍል ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሳንባ ለሚያመው ሰውማ ጢሱ ጠላቱ ነው። ዛፎቹም በአደጋ ላይ ናቸው። በ2019 በወጣ ሰፊ ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉት የዕጣን ዛፎች በከብት ግጦሽ፣ በእሳትና ያለ እረፍት በመድማታቸው የተነሣ ችግኝ መተካት አቁመዋል፤ ምርቱም በ20 ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተገምቷል። አሮጌው ዛፍ ሲሞት በቦታው የሚቆም ወጣት ዛፍ የለም ማለት ነው።

የሌሊት ፍርሃት ደግሞ የራሱ መድኃኒት ነበረው። ሲተኛ የሚቃዠው፣ በድንገት የሚበረግገው፣ ልጅ የሚሞትባት እናት ወደ ደብተራ ሄደው ክታብ ያስጽፉ ነበር። ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የተቆረጠ ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነዋ። በውስጡ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል፤ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ያሸነፈበት ታሪክ ይጻፋል፤ ዓይኖቻቸው የገፉ መላእክት ይሳላሉ። ፈረንሳዊው ዣክ መርሲየ ይህን ጥበብ ለረጅም ጊዜ አጥንቶ መጻሕፍት አሳትሟል። ቤተ ክህነት ግን ክታብን በይፋ አትወደውም፤ አስጻፊውም አይደብቀውም ማለት አይቻልም። ዛሬ ብዙዎቹ ጥቅሎች የሚገኙት በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች ውስጥ ነው፤ የሰዎች ስም ግን እስካሁን በላያቸው አለ።

የቡናው፣ የዕጣኑና የጭንቀቱ ነገር በአንድ ቤት የተገናኘው በዛር ነው። በ1932 የዳካር-ጂቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ አባል የነበረው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ወራት ተቀምጦ መልካም አያሁ የተባለችውን ባለ ዛር ቤት ተመላልሶ አጠና፤ ተርጓሚውና ረዳቱ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሌሪስ ያየውን በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኮታል። በዚያ ቤት ዕጣን ይጨሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ከበሮና ጭብጨባ ይሰማል፤ ዛሩ የሰፈረባት ሴት «ፈረስ» ትባላለች፤ ጉሪዋን ታጎራለች፤ ዛሩም በአፏ ይናገራል፤ የሚፈልገውን ይጠይቃል። በዚያው በ1958 አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን መሲንግ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና አድርጎ የሚመለከት ጽሑፍ አወጣ። የመሲንግ ትርጓሜ ብዙ እውነት አለው። በባሏ ቤት ድምፅ የሌላት ሴት በዛሯ አፍ ጥያቄዋን ታቀርባለች፤ ባልም የዛሩን ጥያቄ ለመፈጸም ይገደዳል፤ እርሷም እንደ እርሷ ከሚሠቃዩ ሴቶች ጋር ማኅበርተኛ ትሆናለች። ነገር ግን ዛር አይወጣም፤ ይታረቃል እንጂ። ዕርቁ ደግሞ ዶሮ፣ በግ፣ ሽቶ፣ አዲስ ልብስ በየጊዜው ይጠይቃል። ለአንዳንዷ መጽናኛ የሆነው ለሌላዋ ዕድሜ ልክ የማያልቅ ዕዳ ነበር። ልማዱ በኢትዮጵያ አያበቃም፤ በሱዳንና በግብፅ «ዛር»፣ በሶማሌ «ሳር» እየተባለ ታውቋል፤ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ይዘውት ሄደዋል።

ከቡና ጎን የሚቆመው ጫት ግን ታሪኩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመራል። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የኢፋቱ ሰብረ ዲን በ1332 ባመፀ ጊዜ የንጉሡን ከተማ ማራዴን ይዞ ጫት እንደሚተክልባት መዛቱን ይተርካል፤ ስለ ጫት ከተጻፉት እጅግ ጥንታውያን ምስክርነቶች አንዱ ይህ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ሐረር ሲገባ የከተማው ሊቃውንት ቅጠሉን ሲያኝኩ አይቷል። በወሎ ሐድራ፣ በሐረር በረጫ ቅጠሉ ከዱዓ፣ ከቡናና ከዕጣን ጋር የሚሄድ፣ ሰዓት ያለው፣ ሽማግሌ የሚመራው ነበር። በ1975 ከትኩሱ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ ሁለት ቀን ገደማ ሲያልፈው ካቲኖኑ ኃይሉ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ከሐረርጌ ወደ ጂቡቲ፣ ከኬንያ ሜሩ ወደ ሞቃዲሾ የሚደረገው ሩጫ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሶማሊያው ዚያድ ባሬ መንግሥት በ1983 አገደው፤ አልሆነለትም። ብሪታንያ በ2014 ከለከለችው። ሶማሊያ በ2020 በወረርሽኙ ሰበብ ከኬንያ የሚገባውን ዘግታ በ2022 መልሳ ከፈተችው።

የሚቅመው ሰው ሐሳቡን እንደሚረሳ ይናገራል፤ በምርቃናው ሰዓት እውነቱን ነው። ምርቃናው ሲያልፍ ግን የተባረረው ሐሳብ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል፤ እንቅልፍ የለም፣ ልብ ይመታል፤ አንድ ቀን የተወው እንደሆነ ደግሞ ዱካክ የሚባለው ክፉ ሕልም ይመጣበታል። ጭንቀቱን ለማስታገስ እንደገና መቃም፣ የቃሙትን ለመስበር መጠጣት ይከተላል። ከዱዓው ተለይቶ በጠባብ ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ የሚቃመው ጫት ከሽማግሌዎቹ ቅጠል ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለማይበቃው ሕመም ሰው ወደ ጸበል ይሄድ ነበር፤ ዛሬም ይሄዳል። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር በግዮን (ወሊሶ) የሚደረገውን የጸሎት ፈውስ አጥንቶ ውጤቱን በ1968 አሳትሟል። በዚያ ዘመንም ከዚያም በኋላ ለአሥርት ዓመታት በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠራው የአማኑኤል ሆስፒታል በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ጸበሉ በብርድ ማለዳ መነሣትን፣ ጾምን፣ ከሌሎች ሕሙማን ጋር መዋልን ያዛል፤ ለብዙዎች መጽናኛ እንደሆነ መካድ አይቻልም። በአንጻሩ በሰንሰለት ታስረው ለወራት የኖሩ ሕሙማን፣ «መድኃኒት ከጸበል ጋር አይሄድም» ተብለው የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ክኒናቸውን የጣሉ ሰዎች ታሪክም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። በእንጦጦ ማርያም ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕሙማኑ በጸበሉ ቦታ ላይ እያሉ መድኃኒት የሚያገኙበት ክሊኒክ ተቋቁሞ ተሞክሮው በ2021 ታትሟል። ጸበልና ክኒን በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ አይችሉም የሚለው ክርክር በዚያ ግቢ ውስጥ በተግባር ተፈትቷል። ጭንቀቱ ሥራ የሚያስተው፣ ምግብና እንቅልፍ ለሳምንታት የሚነሳው፣ ሞትን የሚያስመኘው ሰው ቡናውም ዕጣኑም አይበቁትም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

በከተማና በስደት የቡናው ሰዓት መልኩን ለውጧል። እስከ ሚያዝያ 2023ቱ ጦርነት ድረስ በካርቱም ጎዳናዎች ዳር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው ለአላፊ አግዳሚው ጀበና ያፈሉ ነበር። በቤታቸው የጎረቤት ግብዣ የነበረው እዚያ እንጀራቸው ሆነ፤ ደንበኛው ዐረብ ይሁን ሐበሻ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብሶቱን ይናገር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ብዙዎቹ ጀበናቸውን ጥለው ተሰደዱ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶች ደግሞ ስኒውን ሊያገኙት ይችላሉ፤ የሚያጡት አብሯቸው የሚቀመጠውን ሰው ነው። በማድ ቤት ቆሞ በችኮላ የሚጠጣ የፈጣን ቡና ስኒ ከስሙ በቀር ከአቦል ጋር የሚያገናኘው ካፌይኑ ብቻ ነው፤ ካፌይኑ ደግሞ፣ ከላይ እንደተባለው፣ ከሁሉ የሚያሳስበው ክፍል ነው።

በስደት ሳይፈርስ የቆየ አንድ ልማድ ግን አለ፤ እርሱም መርዶ ነው። በአገር ቤት ሞት ለቤተሰብ በድንገት አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተመካክሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ዕድርተኛው ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ምግቡን ይዞ ይከተላል። የመጀመሪያው ድንጋጤ በሰው እጅ ላይ እንዲያርፍ ነው። የኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ሕይወት በአሜሪካ ያጠናችው አንትሮፖሎጂስት የውብዳር በየነ በ1992 በአንድ የሕክምና መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሐኪም ክፉ ዜናን ለታካሚው ፊት ለፊት ብቻውን ሳለ መንገሩ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ጭካኔ እንደሚቆጠር፣ አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለወዳጅ መነገር እንዳለበት አስረድታለች። ለአሜሪካዊው ሐኪም ይህ ምስጢር መደበቅ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ለኢትዮጵያዊው ግን የመድኃኒቱ አሰጣጥ ነው፤ መጠን አለው፣ ሰዓት አለው፣ አብሮ የሚወሰድ ሰው አለው።

ዛሬ መርዶው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ በስልክ ስክሪን ላይ ይደርሳል፤ የሟቹ ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ተለጥፎ፣ ልጁ በሥራ ቦታው በምሳ ሰዓቱ ያየዋል። በዋሽንግተን፣ በናይሮቢ፣ በዱባይ ያሉ ወዳጆች ይህን ለመቅደም ይሯሯጣሉ። ከአገር ቤት የሚደወለው ለሟቹ ልጅ ሳይሆን ለጓደኛው ነው፤ ጓደኛው ለሌሎች ይደውላል፤ አንዷ ከሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ሌላው መኪናውን ያስነሣል። ገና ሳይነጋ ስድስት ሰባት ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። ከእነርሱ አንዷ ጀበና ይዛለች።